ሻጩ ለራሱ ቤት ታንክ ሲተክል

የዓሣ መሸጫ ውስጥ የሚሠራ ሰው ለራሱ ቤት አዲስ የኮራል ታንክ ሲተክል አይታችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ሱቅ ውስጥ ከሚነግራችሁ ነገር ግማሹን አትሰሙትም ነበር። ለእናንተ «ውኃውን ዛሬ ሙሉት፣ ቅዳሜ ኑና ዓሣ ውሰዱ» ይላችኋል። እሱ ቤት ግን ሳሎኑ ጥግ ላይ ድንጋይና ውኃ ብቻ የያዘ መስታወት መብራቱ ጠፍቶ ወር፣ ከዚያም በላይ ይከርማል። ልጆቹ «ዓሣው መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ ይነዘንዙታል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም።

እኔም በዚሁ ሥራ ውስጥ ነኝ። በዋሺንግተን ዲሲ ዙሪያ የጨው ውኃ ታንክ መትከልና መንከባከብ እንጀራዬ ነው፤ የወገኖቻችን ቤቶችና ምግብ ቤቶችም ከደንበኞቼ መካከል ናቸው። አሁን የምነግራችሁ እኛ ከባንኮኒው ጀርባ እርስ በርስ የምናወራውንና ለገዢ ብዙ ጊዜ የማንተነፍሰውን ነው። ሻጩ ይህን የማይናገረው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። የመጀመሪያው ወር የሚሸጥ ነገር የሌለበት ወር ነው፤ የሱቁ ኪራይ ደግሞ ወር አይጠብቅም።

ከውኃው ልጀምር፤ ብዙ ታንክ የሚበላሸው ገና ጨው ሳይገባበት ነውና። የዲሲና የአርሊንግተን የቧንቧ ውኃ ከፖቶማክ ወንዝ ተቀድቶ የሚጣራው በዋሺንግተን አኩዊደክት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ ይህ ውኃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ደንበኛዬ ግን የሜሪላንዱን ውኃ ነው የሚጠቀመው፤ እዚያ የሚጨመረው ተራ ክሎሪን ነው። ሁለቱ ሰዎች የሚኖሩት በመኪና የደቂቃዎች ርቀት ላይ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ማጣሪያ ግን አንድ አይደለም። ተራው የካርቦን ማጣሪያ ክሎሪንን በቀላሉ ይይዛል። ክሎራሚን ሲመጣበት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ጥምረቱን ሲበጥሰውም አሞኒያውን ወደፊት ይለቀዋል። ስለዚህ በክሎራሚን አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ለክሎራሚን ተብሎ የተዘጋጀ ካርቦን፣ ከእሱ ቀጥሎ አር ኦ የሚባለው ማጣሪያ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዲ አይ የሚባለው የሬዚን ቱቦ ያስፈልጋችኋል። የዲሲ ውኃ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይመለሳል። ቧንቧ ስትከፍቱ የበረኪና ሽታ ከሸተታችሁ ያ ወቅት ደርሷል ማለት ነው።

ቲ ዲ ኤስ የምትባለው እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ 0 ካሳየች ብዙ ሰው «ውኃዬ ንጹሕ ነው» ብሎ ያርፋል። መለኪያዋ የምትቆጥረው በውኃው ውስጥ የሟሙ ማዕድናትን ነው፤ ክሎራሚንን አታይም። በጥቂት ዶላር የሚገዛ አጠቃላይ ክሎሪን የሚለካ ወረቀት ጨምሩበት። ዝግጁ የጨው ውኃ ከሱቅ በጋሎን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ መለኪያችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጨው ያልገባበትን ውኃቸውን ለኩ። ጨው ከገባበት በኋላ ምንም ልታውቁ አትችሉም። 0 ወይም 1 ካሳየ ጥሩ ነው፤ 20 ካሳየ ሬዚኑ ሞቶ ከርሟል።

ጨው አጨማመር ላይ ብዙ አልቆይም። ጨው ወደ ውኃ ነው የሚጨመረው፣ ውኃ ወደ ጨው አይደለም። ፓምፕ እያንቀሳቀሰው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩት፤ አንዴ ከገለበጣችሁት ካልሲየሙ አልካሊኒቲ ከሚባለው ካርቦኔት ጋር ተጣብቆ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል፣ ውኃውም ይደፈርሳል። የምትፈልጉት በሺህ 35 ነው፣ የውቅያኖስ ጨዋማነት። የምትለኩት በሪፍራክቶሜትር ከሆነ መለኪያውን በራሱ በ35 መፍትሔ አስተካክሉት፤ በተጣራ ውኃ ዜሮውን ብቻ አስተካክሎ መጀመር ብዙ ሰው ሳያውቀው ስንትና ስንት ወር አሳስቶታል። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይሁን።

ድንጋዩ ግን ጊዜ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የሚባል የጃካርታ ሰው ከባሕር ያወጣውን ሕይወት ያለበት ድንጋይ ታንኩ ውስጥ አስቀምጦ፣ አየር ብቻ እየነፋበት፣ ኮራል እንደሚያኖር ጻፈ። ዛሬ የምንሠራው ሁሉ ከዚያ ሐሳብ የወጣ ነው። ያ ከባሕር የሚመጣ ድንጋይ አሁን ቀላል ዕቃ አይደለም፤ በፍሎሪዳ ከተፈጥሮ ሪፍ ላይ መልቀም ተከልክሎ፣ ሰዎች በተፈቀደላቸው የባሕር ወለል ላይ ተራ የኖራ ድንጋይ ዘርግፈው፣ ሕይወት እስኪወርሰው ጠብቀው ነው የሚያወጡት። ስለዚህ ሱቆች በብዛት የሚሸጡላችሁ ደረቅ ድንጋይ ነው። ደረቁ ርካሽ ነው፣ ተባይም አያመጣም። የማይነገራችሁ ነገር ግን አንዳንዱ ደረቅ ድንጋይ ፎስፌት ጠጥቶ እንደሚመጣና ለወራት ቀስ እያለ እንደሚተፋው ነው። ባልዲ ውስጥ በጨው ውኃ ዘፍዝፉት፣ ፓምፕ አስገቡበት፣ ክዳኑን ግጠሙና ፎስፌቱን በየጊዜው ለኩ። ከፍ ካለ ውኃውን ቀይሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፣ እሱም በነፃ ነው። ታንኩ ዓመት ያለፈው፣ ዓሣው ጤነኛ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ አንድ ጭብጥ አሸዋ ወይም ቡጢ የምታክል ድንጋይ ለምኑት። እናቶቻችን ከጎረቤት እርሾ ተበድረው ቡሖ እንደሚያነሡት ነው፤ በታሸገ ጠርሙስ ከሚመጣው ይልቅ በሕይወት ያለው ይታመናል። በእኛ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው አዲስ ታንክ ሲተክል መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለገዢ ግን ብዙም አይነገርም፣ ዋጋ የለውምና።

አሁን ሳይክል የሚሉት ነገር ላይ ደረስን። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል፤ የባሕር ውኃ ፒ ኤች ከ8 በላይ ስለሆነ ደግሞ ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማው ክፍል ጨው በሌለው ውኃ ካለው ከፍ ይላል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ ፍጥረታት በብዛት የሚኖሩት ውኃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን ድንጋዩና አሸዋው ላይ ተጣብቀው ነው። ምግብ የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲባዙ፣ እነዚህ እጥፍ ለመሆን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። አራት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። በገንዘብ የሚገዛ ነገር ይህን ትንሽ ሊያሳጥረው ይችላል፤ ሊሽረው ግን አይችልም።

ስለ ጠርሙሱ ባክቴሪያ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ለረጅም ዘመን ናይትራይትን የሚበላው ናይትሮባክተር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ቲሞቲ ሆቫኔክ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ ጨው በሌለው ውኃ ታንኮች ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ናይትሮስፓይራ የሚባለው ወገን መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የወጡ አንዳንድ ጠርሙሶች በእርግጥ ይሠራሉ፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን በውስጡ ያለው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አትርሱ። በሐምሌ ሙቀት ጭነት መኪና ውስጥ የዋለ፣ ወይም በጥር ደጃፍ ላይ በረዶ የመታው ጠርሙስ የሞተ ውኃ ሊሆን ይችላል። መደርደሪያው ላይ ፀሐይ የሚመታውን ተዉት፤ ቀኑን ተመልክታችሁ አዲሱን ምረጡ። ባክቴሪያውን ከጨመራችሁ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ስኪመርና ጀርም የሚገድለውን የዩ ቪ መብራት አጥፉ።

ባክቴሪያው የሚበላው ያስፈልገዋል። ድሮ ዳምሰልፊሽ የሚባለውን ጠንካራ ዓሣ አስገብተው ከእሱ በሚወጣው አሞኒያ ነበር ታንኩን የሚያስጀምሩት። ዛሬም ይህን የሚመክር ሻጭ ታገኛላችሁ። አትስሙት። ዓሣው ለሳምንታት መተንፈሻው እየተቃጠለ ውኃው ወለል ላይ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ማየት ልብ ይሰብራል። ከተረፈ ደግሞ ቤቱ የእሱ ይሆንና ኋላ የሚመጣውን ዓሣ ሁሉ ይነክሳል፤ ልታወጡት ስትሞክሩም ድንጋዩን በሙሉ ሳታፈርሱ አይያዝም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ አሞኒየም ክሎራይድ በጠብታ ይሸጣል። በሚሊዮን 2 እስኪደርስ ጨምሩ፤ ከ5 በላይ ካሳለፋችሁት ራሱ ባክቴሪያው ይታፈናል።

በየቤቱ የማየው የጠብታ መመርመሪያ እንዲህ ነው። 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ብልቃጡ ውስጥ፤ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 8 ጠብታ፣ ከሁለተኛው 8 ጠብታ፤ ማናወጥ፣ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ቢጫ ሆኖ ከቀረ አሞኒያ የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ አለ። ብልቃጡን ነጭ ወረቀት ላይ አስደግፋችሁ በቀን ብርሃን ተመልከቱት፤ የሳሎን ቢጫ አምፖል ሥር ቢጫውም አረንጓዴ ይመስላል። የናይትሬቱ መመርመሪያ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ጠርሙስ ሥሩ የሚዘቅጥ ነገር አለው። 30 ሰከንድ በኃይል ካልናጣችሁት ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያችኋል፤ «ናይትሬት የለኝም» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ያልናጡት ናቸው። አሞኒያ 2 አድርጋችሁ በማግሥቱ ሁለቱም፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም፣ ዜሮ ከሆኑ ታንኩ ተነሥቷል። ናይትራይት መጨረሻ ላይ ትንሽ ቢዘገይ አትደንግጡ፤ በጨው ውኃ ውስጥ ክሎራይዱ ስለሚከላከልለት ዓሣውን ጨው በሌለው ውኃ እንደሚጎዳው አይጎዳውም።

አንድ ደንበኛ አሉኝ፣ አሰብ ያደጉ ሽማግሌ። የልጃቸው ምርቃት ደርሶ ዓሣ ካልገባ ብለው ያዙኝ።

«ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ባዶ ድንጋይ ላሳይ?»

«ባዶ አይደለም ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

«እኛ አሰብ ሳለን ዓሣው በእግራችን መሐል ነበር የሚያልፈው። ማን አሞኒያ ሲለካ አየን?»

«እሱ ባሕር ነው ጋሼ። ይሄ 300 ሊትር ነው።»

ዝም አሉና ድንጋዩን ማየት ጀመሩ። የእሳቸው ድንጋይ ከፍሎሪዳ የመጣው ሕይወት ያለበት ዓይነት ነበር። ማታ መብራት ሲጠፋ በስልካችሁ ብርሃን ብታዩት ይሻላል ብያቸው ሄድኩ። የምርቃቱ ለት ልጆቹ ሁሉ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አመሹ አሉኝ፦ ከቀዳዳ ወጥቶ የሚመለስ ባለ ፀጉር ትል፣ ከጥፍር የማይበልጥ ኮከብ ዓሣ፣ እንደ ላባ የሚዘረጋና ሲነኩት የሚሰበሰብ ነገር። ዓሣ የጠየቀ አልነበረም። በኋላ ታንካቸውን እንደ ቀይ ባሕር ማድረግ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። የሰሜኑ ቀይ ባሕር ጨዋማነት በሺህ 40 ያህል ነው፤ ከሱቅ የሚመጡ ኮራሎች ግን በ35 ነው የኖሩት፣ ስለዚህ በ35 ተውነው። ዓሣው ግን የዚያ ሰፈር ሆነላቸው፤ ባለ ሁለት ነጭ መቀነቱ የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ።

ሳይክሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነገር ላይ ነው ሱቆች ብዙ የሚያተርፉት። መብራት በበራ በሳምንታት ውስጥ አሸዋው ቡናማ ይለብሳል፤ ዲያቶም ነው፣ ሲሊኬት እየበላ የሚያድግ። እሱ ሲለቅ አረንጓዴ ፀጉር ይመጣል፤ አንዳንዱ ታንክ ላይ ደግሞ ቀይ ልጋግ የሚመስል ሳያኖባክቴሪያ። ሰው ይደነግጣል፣ ፎቶ አንሥቶ ሱቅ ይሮጣል፣ በጠርሙስ የሚፈስ መድኃኒትና ፎስፌት የሚመጥጥ ነገር ተሸክሞ ይመለሳል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ባዶ ቦታ ነው፤ መጀመሪያ የደረሰው ይይዘዋል፣ ቀስ እያለ ሌላው ያፈናቅለዋል። ናይትሬቱንና ፎስፌቱን በመድኃኒት ዜሮ ካደረጋችሁት ባዶውን ቦታ የሚወርሰው ዲኖፍላጀሌት ነው። አረፋ ያዘለ ቡናማ ክር ሆኖ ኮራሉን ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ዓይነት ቀንድ አውጣዎቹን ይገድላል፣ ለማጥፋትም ወራት ይፈጃል። ናይትሬት በሚሊዮን 5 እስከ 10፣ ፎስፌት በሚሊዮን 0.03 እስከ 0.1 ይኑር፤ ኮራልም የሚበላው ይፈልጋል።

አልጌ ጠላት ብቻ አለመሆኑን ያሳየ ሰው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነበር። ዋልተር ኤዲ እ.ኤ.አ. በ1980 በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ሕያው የኮራል ሪፍ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ውኃውን የሚያጸዳው በብርሃን ሥር በተዘረጋ መረብ ላይ ሆን ብሎ በሚያበቅለው አልጌ ነበር። አልጌው ቆሻሻውን በልቶ ያድጋል፣ ይታጨዳል፣ ይጣላል። እናንተም ስታዩት የሚያስጠላችሁን ፀጉር በጣታችሁ ነቅላችሁ በጣላችሁ ቁጥር ያንኑ እያደረጋችሁ ነው።

«የጽዳት ቡድን» እየተባለ በጥቅል የሚሸጠው ቀንድ አውጣም እንዲሁ ነው። ጥቅሉ ለአዲስ ታንክ ይበዛል፤ ቡናማው ሲያልቅ ይራቡና ይሞታሉ፣ የሞቱት ደግሞ አሞኒያ ይሆናሉ። ጥቂት ትሮከስ ይበቃል፤ ሲገለበጥ ራሱን ይመልሳል። አስትሪያ የሚባለው ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይቀርና የሚያነሣው ሰው ይፈልጋል።

ዓሣ የምትገዙበት ቀን መጣ እንበል። አሜሪካ ከሚገባው የባሕር ዓሣ ትልቁ ድርሻ የሚያልፈው በሎስ አንጀለስ በኩል ነው፤ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና ታሽጎ ወደኛ ይበራል። እዚህ ሲደርስ ውኃውን እንዳያቆሽሽ ተብሎ ለቀናት ሳይበላ የቆየ ነው። ሱቁን ጭነት በየትኛው ቀን እንደሚገባለት ጠይቁና በዚያ ቀን አትግዙ። ከሳምንት በኋላ ሂዱና ፊታችሁ ይመግቡት። የሚበላ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ሆዱ ያልተሰረጎደ ከሆነ ውሰዱ። ክላውንፊሽ ከሆነ እዚሁ የተፈለፈለውን ጠይቁ፤ ከባሕር ከተጠመደው ይልቅ የሱቅ ምግብ ይለምዳል። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስ ዋናው ታንክ ውስጥ ከገባ ዓሣውን ሁሉ አውጥታችሁ ከሁለት ወር በላይ ባዶውን ማቆየት ሊኖርባችሁ ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ዓሣ መጀመሪያ ለብቻው በትንሽ ታንክ አቆዩት።

ኮራሉን በሚችለው ጀምሩ፦ መሽሩም፣ ሌዘር፣ ዞአንቲድ። አክሮፖራን አንድ ዓመት እስኪሞላ ተዉት፤ አልካሊኒቲው ከቀን ቀን ከፍና ዝቅ የሚል ታንክ ውስጥ ከጫፉ እየነጣ ይሞታል። ክላውንፊሽ የሚጠለልበት አኔሞኒም ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ፤ ክላውንፊሹ ያለ እሱም ይኖራል። ዞአንቲድንና ዘመዱን ፓሊቶአን በምትነኩበት ጊዜ ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። ይህን በተለይ ለእኛ ሰው ደጋግሜ የምናገረው ሁሉን ነገር በፈላ ውኃ ማጽዳት ስለምንወድ ነው። ከታንክ የወጣ ድንጋይ በጭራሽ አይቀቀልም፣ የፈላ ውኃም አይደፋበትም። እንፋሎቱ መርዙን ወደ ሳንባ ይዞ ይገባል፤ በዚህ ምክንያት መላው ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ልታጸዱት ካሰባችሁ ደጅ አውጥታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ባልዲ ውስጥ በበረኪና ዘፍዝፉት።

የመጀመሪያው ዓሣ አንድ ይሁን፣ ቢበዛ ጥንድ። ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አሞኒያ ለኩ፤ ምግቡን በሁለት ደቂቃ በልቶ በሚጨርሰው ልክ ስጡት። ሁለተኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨምሩ። ታንግ የሚባለው ዓሣ ካማራችሁ፣ መጨረሻ የሚገባው እሱ ይሁን፤ ቀድሞ ከገባ ሌላ አያስገባም።